ፉርጎ፣ ጨውና ዝገት፦ የዕቃ ባቡር ታሪክ ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር

ስለ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ከተጻፈው አብዛኛው በፈቃድ ውሎች፣ በነገሥታት ጉዞዎችና በጣቢያ ሕንፃዎች ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ መስመሩን በገቢ ያቆመው የዕቃ ፉርጎ ግን ከጀርባ ቀርቷል። ፉርጎ የራሱ ሞተር የሌለው፣ በሎኮሞቲቭ ማለትም በባቡሩ ራስ የሚጎተት ተሽከርካሪ ነው። ከዝናብና ከሌባ መጠበቅ ያለበት ዕቃ ጣሪያና ተንሸራታች በር ባለው ዝግ ፉርጎ ይጫናል፤ ድንጋይና አሸዋ የመሰለው ጎኑ ተከልሎ ላዩ በተከፈተው፣ እንጨትና ብረታ ብረት ከወለል በቀር ምንም በሌለው ጠፍጣፋ፣ ነዳጅ ደግሞ በቦቴ ይሄዳል። ሐዲድ ደርሶባቸው የማያውቁት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ቢቸናና ሞጣ ከዚህ ታሪክ ውጭ የሆኑ ይመስላሉ። ይሁንና ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የምሥራቅ ጎጃም ገበያዎች ከባሕር ማዶ ካገኙት ሸቀጥ ብዙው የመንገዱን አብዛኛ ክፍል በፉርጎ የተጓዘ ነበር፤ ፉርጎው ሲደክምም ገበያዎቹ ሌላ ተሸካሚ መፈለጋቸው አልቀረም።

ከ1886 እስከ 1895 ዓ.ም.፦ በአሞሌና በሐዲድ መካከል

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሲሰጡ፣ ፈረንሳዊው ነጋዴ ሌዮን ሸፍኖም በሥራው አጋር ሆኖ ገባ። ለ99 ዓመት የተሰጠው ፈቃድ መስመሩን በሦስት ደረጃ ያስበው ነበር፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ጎጃም በዚህ ሐሳብ ውስጥ አልነበረችም፤ የዓባይ ሸለቆ ለበቅሎም የሚያዳግት ስለነበር በጊዜው የሚያስገርም ውሳኔ አይደለም።

በዚያን ጊዜ ከዓባይ ወዲያ ማዶ የነበረው ንግድ በእንስሳት ጀርባ የሚካሄድ ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ በትግራይ በኩል የሚመጣው አሞሌ፣ ማለትም በልክ የተጠረበ የጨው ጡብ፣ በጎጃም ገበያዎች ቅመምም ገንዘብም ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። የቢቸና ነጋዴ ወደ ሸዋ ለመሻገር ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፣ ክረምት ሲገባም ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ስለሚዘጋበት እስኪጎድል ይጠብቃል። ሞጣ በበኩሏ ከበጌምድር ጋር የምትገናኘው በአፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ በሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ በኩል ስለነበር፣ ዓባይ በሞላ ጊዜ እንኳ ንግዷ ፈጽሞ አይቋረጥም ነበር።

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ከጅቡቲ ተጀመረ። መሐንዲሶቹ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለውን ስፋት አንድ ሜትር አደረጉት፤ በአውሮፓ ዋና መስመሮች የተለመደው ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባቡ ሐዲድ በተራራማ አገር በጠባብ ኩርባ ሊታጠፍ ይችላል፣ የቁፋሮውንም ወጪ ይቀንሳል። ለፉርጎው ግን የዕድሜ ልክ ፍርድ ነበር፤ አካሉ ጠባብ፣ ጭነቱ ቀላል፣ ፍጥነቱም ዝግተኛ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ያም ሆኖ ከበቅሎ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ የትየለሌ ነው፤ በዚያ ዘመን በዚህ ስፋት ሐዲድ ላይ የተለመደው ባለ አራት መንኮራኩር ፉርጎ ወደ 10 ቶን ሲጭን፣ ያንኑ ጭነት ለማንሣት 100 ያህል በቅሎ ያስፈልጋል፤ በቅሎ ደግሞ ገብስ ትፈልጋለች፣ ጀርባዋም ይላጣል።

መስመሩ የሆልሆልን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሲደርስ የሐረር ተራሮች አላሳልፍ አሉት። ሐዲዱ ከተራሮቹ ግርጌ በሜዳው እንዲያልፍ ስለተወሰነ ጥንታዊቷ ከተማ ቀረች፣ ድሬዳዋም ተቆረቆረች። ለፉርጎው ታሪክ ይህ ከማናቸውም ውሳኔ የበለጠ ትርጉም ነበረው፤ ዋናው የጥገና ዎርክሾፕ በዚያው በመቋቋሙ ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ፉርጎ የሚፈታው፣ የሚጠገነውና ቀለም የሚቀባው ድሬዳዋ ላይ ሆነ።

ከ1899 እስከ 1922 ዓ.ም.፦ የባሕር ጨው መሐል አገር ሲገባ

ሐዲዱን መዘርጋት የጀመረው ኩባንያ ገንዘቡ ድሬዳዋ ላይ አለቀ። የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች ሲገቡበት የፈረንሳይ መንግሥትም እጁን አስረዘመ፤ ምኒልክ ደግሞ ባቡሩ የንግድ መንገድ መሆኑ ቀርቶ የባዕድ መንግሥታት መግቢያ እንዳይሆን ሰጉ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ የተፈራረሙት ውል ሥጋቱ መሠረት እንደነበረው ያሳያል። ኩባንያው ከስሮ ከፈረሰ በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም በነበሩት በዶክተር ቪታልየን ስም አዲስ ፈቃድ ተሰጠና የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተመሠረተ። ሥራው ቀጥሎ፣ የአዋሽን ገደል ተሻግሮ፣ በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ዛሬ ለገሃር የሚባለው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ግን ዘግይቶ በ1922 ዓ.ም. ነው።

በሲራራ፣ ማለትም በነጋዴ ጓዝ፣ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅ የነበረው የጅቡቲና የአዲስ አበባ መንገድ ወደ ሦስት ቀን አጠረ። ወደ ባሕር የሚወርዱት ፉርጎዎች ቡናና ቆዳ፣ የሚመለሱት ደግሞ አቡጀዲ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ፣ መሣሪያና ጨው ይጭኑ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የጨውን ነገር ለይቶ ማየት ተገቢ ነው። ጅቡቲ ላይ የባሕር ውኃ በፀሐይ ተኖ የሚመረተው ጨው በፉርጎ ተጭኖ አዲስ አበባ ሲራገፍ፣ በእንስሳት ጀርባ ከሰሜን ከሚመጣው አሞሌ ጋር ተፎካካሪ ሆነ። አሞሌው ወዲያው ከገበያ አልወጣም፤ የብር ገንዘብ መስፋፋትም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ነገር ግን ለዘመናት ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርድ የኖረ ሸቀጥ አቅጣጫውን ቀይሮ ከምሥራቅ እንዲመጣ ያደረገው ሐዲዱ ነው፤ የጎጃም ነጋዴም ፊቱን ወደ አዲስ አበባ እንዲያዞር ከገፉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ይመስላል።

ያው ጨው ፉርጎውን ይበላው ነበር። ብረት በእርጥበትና በአየር ይዝጋል፤ ጨው ሲጨመርበት ዝገቱ ይፋጠናል። መስመሩ ጨዋማ ነፋስ ከሚነፍስበት ወደብ ተነሥቶ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ በረሃ አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሚገኝ ዝናባማ ደጋ ይወጣል። በቆላ የደረቀው የወለል ሳንቃ ይሰነጠቃል፣ በደጋ ያብጣል፣ ከስንጥቁ የገባው የጨው ብናኝ እርጥበት ሲያገኝ ከሥሩ ያለውን ብረት ይቦረቡራል። የዕቃ ፉርጎ በብዙ አገሮች ቀይ ቡኒ ቀለም የሚቀባውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀለሙ ከራሱ ከብረት ዝገት ዱቄት የሚሠራ በመሆኑ ርካሽ ነው፣ አዲስ የሚወጣውንም ዝገት ይደብቃል።

ከ1928 እስከ 1938 ዓ.ም.፦ ጎማ ከሐዲድ ጋር ሲፎካከር

ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ከሄዱ ከጥቂት ቀናት በኋላ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው ሐዲዱን መጠቀሙ ባይቀርም፣ መጨረሻው በፈረንሳይ ወደብ የሆነ መስመር ለጣሊያን የታመነ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ገንዘቡንና ጉልበቱን በመኪና መንገድ ላይ አፈሰሰ፤ ከአሰብ ወደ ደሴ፣ ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃ ወደ ጎጃም የሚወስዱ መንገዶች ተጠረጉ፣ ሾፌሮች ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት የፊያት የጭነት መኪናም አገሩን ሞላው። ፉርጎው ለመጀመሪያ ጊዜ ከበቅሎ የተሻለ ተወዳዳሪ መጣበት፤ በኋላ የደረሰበት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ምሥራቅ ጎጃም ግን መንገዱን በሰላም አልተቀበለም። በላይ ዘለቀ በቢቸና አካባቢ የመራው የአርበኝነት ትግል የጣሊያንን ጭነት ሠግቶ እንዲጓዝ አስገድዶታል፤ ሞጣን ከበጌምድር ጋር ያገናኝ የነበረው የድንጋይ ድልድይም የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት በአርበኞች ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ የሚለውን ስም አተረፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰውም ዕቃውም በገመድ እየተጎተተ ተሻግሯል፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲሸነፍ በባቡሩ መስመር ላይ የነበሩ ድልድዮችን እያፈረሰ ስለ ሸሸ፣ መስመሩ በእንግሊዞች እጅ ገብቶ ለኩባንያው የተመለሰው በ1938 ዓ.ም. ነበር።

ከ1938 እስከ 1970 ዓ.ም.፦ ናፍጣ፣ አሰብና የድሬዳዋ ዎርክሾፕ

ከጦርነቱ በኋላ የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ሥሪት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በእንፋሎት የሚሠሩትን እየተኩ መጡ። ለእንፋሎት ባቡር ትልቁ ችግር በበረሃው ውኃ ማግኘት ስለነበር፣ ናፍጣው መስመሩን ከዚህ ገላገለው። በ1952 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ፈረንሳይ በተፈራረሙት ውል ኢትዮጵያ የኩባንያውን እኩል ድርሻ ስታገኝ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ።

የድሬዳዋ ዎርክሾፕ በዚህ ዘመን የአገሪቱ ትልቅ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብረት ማቅለጫ፣ መቀጥቀጫ፣ የቶርኖ ክፍልና የእንጨት ሥራ ክፍል ነበሩት። ለጥገና የገባ ፉርጎ ከመንኮራኩሮቹ ላይ ይነሣል፤ የመንኮራኩሩ ጠርዝ በመበላቱ ቅርጹን ካጣ በቶርኖ ይስተካከላል፤ የበሰበሰ ሳንቃ ይነቀላል፤ የተበላ ላሜራ ተቆርጦ በብየዳ ይጣፋል፤ ዝገቱ ተፍቆ መነሻ ቀለም፣ በላዩም ዋናው ቀለም ይቀባል፤ በመጨረሻ የፉርጎው ቁጥር፣ የራሱ ክብደትና የሚችለው ጭነት በነጭ ይጻፍበታል። ብዙ ጊዜ የተጠገነ ፉርጎ ስለዚህ አንድ ወጥ ገጽታ የለውም፤ አሮጌው ክፍል በብሎን አናት ረድፎች፣ አዲሱ ጥፍ ደግሞ በብየዳ ስፌቱ ይለያል፤ ቀለሙም እንደየዘመኑ ይደምቃል ወይም ይደበዝዛል።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን የገበያውን ነፋስ ሊመልሰው አልቻለም። የአሰብ ወደብ ተስፋፍቶ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻም የነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ሲጀምር፣ ጭነቱ ኤንትሬ በሚባለው የፊያት መኪናና በተሳቢው ላይ ዞረ። ፉርጎ ከጣቢያ ጣቢያ እንጂ ከበር በር አያደርስም፤ ለገሃር የወረደ ሸቀጥ መርካቶ ለመግባት እንኳ ሌላ ተሸካሚ ይሻል፤ ቢቸና ለመድረስማ እዚያው አዲስ አበባ፣ ጎጃም በረንዳ ላይ እንደገና ተጭኖ ዓባይን መሻገር አለበት። የመኪናው ጭነት ይህን የመጫንና የማውረድ ኪሳራ ስለሚያስቀር የጎጃም ነጋዴ የመረጠው ጎማውን ነው፤ ምርጫውም ትክክል ነበር።

ሌላውን ዱላ ያሳረፈው ጦርነት ነው። በ1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻ ወጣች፤ በዚያው ሰሞን የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር የባቡር ድልድዮች በፈንጂ ተመተው መስመሩ ለአንድ ዓመት ያህል ተቋረጠ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በሌላው ዓለም፦ ዝገትን መሥራት ጥበብ ሆነ

በኢትዮጵያ ሠራተኞች ዝገትን ሲፍቁ በኖሩበት ዘመን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ዝገትን ሆነ ብሎ በቀለም የሚፈጥር የእጅ ሥራ አድጓል። የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ፣ የኢልግ ፈቃድ ከመሰጠቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 ልኩ የታወቀ የአሻንጉሊት ሐዲድ ለገበያ አቀረበ። የዚያን ጊዜ ትንንሽ ፉርጎዎች ከቆርቆሮ የተሠሩና የሚያብረቀርቁ የልጆች መጫወቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ግን የእውነተኛውን ልክ በቁጥር አሳንሶ መሥራት የአዋቂዎች ሥራ ሆነ፤ የአሜሪካ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር በ1935 ሲቋቋም ዋና ጉዳዩ የአንዱ ሠሪ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ እንዲሄድ የጋራ ልክ ማውጣት ነበር። ከሁሉ የተስፋፋው ልክ እውነተኛውን በ87 የሚያካፍለው ነው። በዚህ ልክ የ784 ኪሎ ሜትሩ የጅቡቲ መስመር ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ የአንድ ሜትሩ ሐዲድ ስፋት ደግሞ 11.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በተግባር 12 ይደረጋል።

የአስተሳሰብ ለውጡ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ጆን አለን በሙያው ፎቶ አንሺ ስለነበር፣ አዲስ የሚያብረቀርቅ ሞዴል በካሜራ ፊት መጫወቻነቱን እንደሚያጋልጥ ተገነዘበ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በቤቱ በዘረጋው የባቡር ዓለም ውስጥ ፉርጎዎቹን አቧራ አለበሳቸው፣ ቀለማቸውን አደበዘዘ፣ ሳንቃቸውን ሰነጠቀ። ፎቶግራፎቹ በመጽሔት ሲወጡ ማስረጀት፣ ማለትም ሞዴሉን ብዙ ዘመን የሠራ ማስመሰል፣ ከሥራው ዋና ክፍሎች አንዱ ሆነ። አለን እ.ኤ.አ. በ1973 ከሞተ ብዙም ሳይቆይ ሥራው በእሳት መጥፋቱ ለጥበቡ ትልቅ ጉዳት ቢሆንም፣ ዘዴው ግን ተስፋፍቶ ነበር።

ከማስረጀት ዘዴዎች ሁሉ የሚያስደንቀው በገበታ ጨው የሚሠራው ነው። የፕላስቲኩ ወይም የብረቱ አካል ተገጥሞ ቅባቱ ከታጠበ በኋላ መነሻ ቀለም፣ በላዩም የዝገት ቀለም ይረጫል። ሲደርቅ ዝገት ሊወጣባቸው የሚገቡ ቦታዎች፣ ይኸውም የበር ግርጌ፣ የብሎን ረድፍና የጣሪያ ጠርዝ፣ በውኃ ረጠብ ተደርገው ጨው ይነሰነስባቸዋል። ጨው እንደ ተጣበቀ የፉርጎው ዋና ቀለም ይረጭና ይደርቃል፤ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ሲፈተግ ጨው ይረግፋል፣ ከሥሩም ዝገቱ ጠርዙ በተቦጫጨቀ ቅርጽ ብቅ ይላል። ፊደላቱ ከተለጠፉ በኋላ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም በስንጥቁ ውስጥ እንዲሰርግ ይደረጋል፤ የተፈጨ ጠመኔ በለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ ይቦነንበታል፤ በመጨረሻ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሁሉን ያጸናል። ጥሩ ሠሪ በግምት አያስረጅም፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የመጣ ፉርጎ ከግርጌው የነጣ አቧራ፣ ጨው የጫነ ደግሞ ከወለሉ መጋጠሚያ የሚጀምር ዝገት ሊኖረው እንደሚገባ ያውቃል።

ከ1973 እስከ 2000 ዓ.ም.፦ መስመሩ ሲዳከም

በ1973 ዓ.ም. ባቡሩ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ሆነ፤ ሐዲዱና ፉርጎው ግን ያው ያረጀው ነበር። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች የሞቱበት አደጋ በአፍሪካ ታሪክ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። ከኤርትራ ጋር በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ የአሰብ በር ተዘግቶ የአገሪቱ ጭነት ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለፉርጎው ይህ አዲስ ዕድል ሊሆን ይገባው ነበር፤ ነገር ግን ዕድሉ የመጣው መለዋወጫ በጠፋበት፣ ባቡሩ በየጊዜው ከሐዲድ በሚወጣበትና ገንዘብ ባልነበረበት ሰዓት ስለሆነ ጭነቱን ከባድ መኪናዎች ወሰዱት። እስከ 2000 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው ጉዞ ቆመ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ በዓባይ በረሃ በጃፓን ርዳታ የተሠራው አዲሱ የህዳሴ ድልድይ ተመረቀ፤ ጎማው ከሐዲዱ የወሰደውን ቦታ ለጎጃም ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ፦ አዲሱ ሐዲድና አሮጌው ብረት

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ባወጣው የመስመሮች ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ በኩል ወደ ሰመራ የሚዘልቅ ሐዲድ ይገኝበት ነበር። ጎጃም በባቡር ካርታ ላይ ሰፈረች፤ መስመሩ ግን ምዕራቡን እንጂ የቢቸናንና የሞጣን አቅጣጫ አልያዘም፣ እስካሁንም ከወረቀት አልወጣም።

የተሠራው ሌላ ነው። በቻይና ኩባንያዎች የተገነባው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውና ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ፤ ከ1,000 በላይ አዳዲስ ፉርጎዎችም መጡለት። ከሐዲዱ ስፋት የተነሣ ከአሮጌዎቹ አንዱም በአዲሱ መስመር ላይ ሊሄድ አይችልም። በአማራ ክልል ደግሞ የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ ድረስ ሐዲድ ዘርግቷል፤ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በኃይል አቅርቦት ችግርና በጦርነት ጉዳት ተስተጓጉሏል። የጅቡቲው መስመር ከሚያመላልሳቸው ጭነቶች አንዱ ማዳበሪያ ነው። በሌላ አነጋገር የቢቸናን የጤፍ ማሳ ከባሕር ጋር የሚያገናኘው ፉርጎ ዛሬም አለ፤ እንደ ጥንቱም ጭነቱን ከዓባይ ወዲህ ለመኪና አስረክቦ ይመለሳል።

አሮጌዎቹ ፉርጎዎች በድሬዳዋና በመስመሩ ጣቢያዎች ቆመው ይገኛሉ፤ የአዲስ አበባው የለገሃር ግቢ ግን ለአዲስ የከተማ ግንባታ ተሰጥቷል። እነዚህን ፉርጎዎች ሁሉ በሙዚየም ማኖር የሚቻል አይደለም፤ ሁሉም ሊቆይ ይገባዋል ማለትም አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ብረታቸው ተቆርጦ ከመሸጡ በፊት የእያንዳንዱ ዓይነት ርዝመት፣ ቁመትና ስፋት ሊለካ፣ ጥፉና ብየዳው በፎቶ ሊያዝ፣ የቀለሙ ንብርብርም ተፍቆ ሊመዘገብ ይገባል። ሥራው አንድ ሜትሮ፣ አንድ ካሜራና ጥቂት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልኩ ከተያዘም ፉርጎውን በ87 እጥፍ አሳንሶ፣ ከነዝገቱና ከነጥፉ፣ ቢቸናም ሆነ ሞጣ ባለ አንድ ጠረጴዛ ላይ መልሶ መሥራት ይቻላል። ይህን ሥራ የመስመሩ ባለቤቶችና የክልሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች ሳይዘገዩ ቢጀምሩት መልካም ነው።